ቁስለኛን ጥለው ያልተመለሱ የሄሊኮፕተር አዛዦች

ሰው ካለፈ በኋላ የሚታሰበው በትከሻው ላይ በነበረው የማዕረግ ምልክት ሳይሆን ለሰው ልጅ ባደረገው በጎ ሥራ ነው። አባቶቻችን «ከመቃብር በላይ ስም» ሲሉ የተናገሩትም ይህንኑ ለማስረዳት ነው። ዛሬ የምናስታውሳቸው ሦስት ሟቾች የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሄሊኮፕተር አዛዦች ነበሩ፤ ስማቸው እስካሁን የሚነሣው ግን በገደሉት ጠላት ሳይሆን ከሞት አፋፍ ባወጡት የሰው ነፍስ ብዛት ነው።

ሄሊኮፕተር ቁስለኛን ከጦር ሜዳ ለማውጣት በብዛት የተሠራበት ከ1942 እስከ 1945 ዓ.ም. በተደረገው የኮርያ ጦርነት ነው። በዚያን ጊዜ ቁስለኛው ይጓዝ የነበረው ከሄሊኮፕተሩ ውጭ፣ በጎኑ በተገጠመ ቃሬዛ ላይ ታሥሮ ነበር። በቬትናም ጦርነት ግን የሚበልጥ ሄሊኮፕተር ስለ ተገኘ ቁስለኛው በውስጥ ተኝቶ፣ በመንገድም ሕክምና እየተደረገለት ለመጓዝ ቻለ። ይሁን እንጂ መሣሪያው ቢሻሻልም፣ እሳት ወደሚዘንብበት ስፍራ የሚገባ ሰው ካልተገኘ ጥቅም አይሰጥም።

እንዲህ ያለው ሰው ሻለቃ ቻርልስ ኬሊ ነበሩ። በጥር ወር 1956 ዓ.ም. የ57ኛውን የሄሊኮፕተር አምቡላንስ ጓድ አዛዥነት ሲረከቡ በእጃቸው የነበሩት ሄሊኮፕተሮች 5 ብቻ ነበሩ። ከጠላት ጥይት በፊት ያጋጠማቸውም ፈተና የመሥሪያ ቤት ፈተና ነበር። የበላይ ሹማምንት ቀይ መስቀሉ የሚለጠፍና የሚነሣ እንዲሆን፣ ሄሊኮፕተሮቹም ቁስለኛ በሌለ ጊዜ ሰውና ዕቃ እንዲያመላልሱ አሰቡ። ነገሩን ከሩቅ ለሚመለከተው ቁጠባ ይመስላል። ኬሊ ግን ዕቃ ሊያደርስ የሄደ ሄሊኮፕተር ቁስለኛው በሚጣራበት ሰዓት እንደማይገኝ ስላወቁ አጥብቀው ተቃወሙ።

ክርክራቸውንም በወረቀት ብቻ አልተዉትም። ከሄሊኮፕተሮቻቸው ሁለቱን ይዘው በሜኮንግ ወንዝ አካባቢ ወዳለው ወደ ሶክ ትራንግ ወረዱ። ከዚያም በየሌሊቱ 720 ኪሎ ሜትር ያህል እየዞሩ፣ በየምሽጉ ቁስለኛ እንዳለ በራዲዮ ይጠይቁ ጀመር። በአውሮፓውያን የኤፕሪል ወር ብቻ በሌሊት 110 ሰዓት ተበርሮ 99 ሕሙማንና ቁስለኞች ተነሡ። ሥራው ራሱ ስለ አስፈላጊነቱ መሰከረ።

ሰኔ 24 ቀን 1956 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 1 ቀን 1964) በቪን ሎንግ አጠገብ ቁስለኞች ለመጫን ሲወርዱ ተኩስ በረታ። ከምድር ያሉት ወታደሮች ስፍራውን ለቀው እንዲሄዱ በራዲዮ ቢነግሯቸው፣ ሻለቃ ኬሊ «ቁስለኞቻችሁን ስይዝ» ሲሉ መለሱ። ወዲያውኑ በተከፈተው በር የገባች ጥይት ልባቸውን መታቻቸውና በ39 ዓመታቸው አረፉ። በማግሥቱ አንድ የበላይ አዛዥ ያችን ጥይት ለሻምበል ፓትሪክ ብሬዲ ሰጥተው፣ ከእንግዲህ አሠራሩ ይለወጥ እንደ ሆነ ጠየቁ። ሻምበሉም ኬሊ እንዳስተማሩት እንደሚቀጥሉ አስታወቁ። ይህም ደንብ ሆኖ ቀረ፤ በጦርነቱ ዘመን በሠራዊቱ የሄሊኮፕተር አምቡላንሶች የተጓጓዙት ሰዎች ከ800,000 በላይ መሆናቸው ይነገራል።

ሁለተኛው ሻምበል ኤድ ፍሪማን ናቸው። ፍሪማን በኮርያ በፖርክ ቾፕ ኮረብታ የተዋጉና በጦር ሜዳ ለመኰንንነት የበቁ ነበሩ። ስፍራው የእኛው የቃኘው ሻለቃ ጦር የተመደበበት የ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ግንባር ስለ ነበር ስሙ ለብዙ ዘማቾቻችን እንግዳ አይደለም። በቁመታቸው መርዘም ምክንያት በረራ ተከልክለው ቈይተው ደንቡ ሲሻሻል ተፈቀደላቸው። ኅዳር 5 ቀን 1958 ዓ.ም. በኢያ ድራንግ ሸለቆ በተደረገው ውጊያ የ16 ሄሊኮፕተሮች ጓድ ምክትል አዛዥ ነበሩ። የእግረኛው አዛዥ ማረፊያውን በተኩስ ብዛት ቢዘጉትም፣ ፍሪማን መሣሪያ ባልተገጠመበት ሄሊኮፕተር 14 ጊዜ ተመላልሰው ጥይትና ውሃ አቀበሉ፤ 30 ያህል ከባድ ቁስለኞችም አወጡ። የክብር ሜዳይ የተሸለሙት ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም. ነበር። ነሐሴ 14 ቀን 2000 ዓ.ም. አረፉ።

ሦስተኛው ማይክል ኖቮሴል ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አይሮፕላን ነጂ የነበሩት እኒህ ሰው በአየር ኃይል የሌተና ኮሎኔልነት ማዕረግ ነበራቸው። የአየር ኃይሉ በዕድሜያቸው ምክንያት ስላልተቀበላቸው ማዕረጋቸውን ትተው በዝቅተኛ ማዕረግ ወደ ምድር ጦር ገቡ። መስከረም 22 ቀን 1962 ዓ.ም. በከባድ ተኩስ ውስጥ 29 የቬትናም ወታደሮችን ሲያወጡ፣ የመጨረሻው ሰው በሚሳብበት ጊዜ እርሳቸውም ቈሰሉ። በሁለት የዘመቻ ጊዜያቸው 5,589 ቁስለኞችን አንሥተዋል። ልጃቸውም በዚያው ጓድ ነጂ ሆኖ፣ አባት ልጁን፣ ልጅም አባቱን ከወደቁበት ለማውጣት በቅተዋል። መጋቢት 24 ቀን 1998 ዓ.ም. አረፉ።

በ2015 ዓ.ም. በአላባማ የሚገኘው ታላቁ የሄሊኮፕተር ማሠልጠኛ ሰፈር በኖቮሴል ስም ተሰየመ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ስሙ ተነሥቶ ወደ ቀድሞው «ራከር» ተመለሰ። በበር ላይ የተጻፈ ስም በሹም ቃል ይጻፋል፤ በሹም ቃልም ይፋቃል። በቃሬዛ ተነሥቶ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ለልጆቹ የሚያወርሰውን ስም ግን የሚፍቅ ሥልጣን የለም። የሕዝብ ንብረት በአደራ የተሰጠውም ሹም ከኬሊ የሚማረው አለ፤ ለቁስለኛ የተመደበውን ለቁስለኛው ማቈየት ራሱ ጀግንነት ነው።