ስለ አኳሪየም ጠላቂዎች የሚነገሩ የሙያ ቃላት

አንድ የሙያ ቃል ሲተረጐም ከውበቱ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው፣ ቃሉን አንብቦ በሥራ ላይ የሚያውለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ነው። በታላላቅ አኳሪየሞች ውስጥ የሚካሄደው የጠላቂዎች ሥራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1984 በካሊፎርኒያ የተከፈተው የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም፣ ኬልፕ የተባለውን ረጅም የባሕር አልጌ የሚያሳይበት ገንዳ 8.5 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ጠላቂዎች ወደዚህ ገንዳ እየገቡ ዓሦቹን ይመግባሉ፤ በጭምብል ላይ በተገጠመ ማይክሮፎንም ከመስኮቱ ማዶ ለቆሙት ጎብኝዎች ያስረዳሉ።

በመጀመሪያ የቦታውን ስም እንመልከት። «አኳሪየም» በጥንቱ ላቲን ከብት ውኃ የሚጠጣበት ቦታ ማለት ነበር፤ ዛሬ በያዘው ትርጉም እንዲስፋፋ የረዳው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ እ.ኤ.አ. በ1854 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። የኛም «ገንዳ» ከከብት ማጠጫነት ተነሥቶ እስከ መዋኛ ገንዳ ደርሷል። ስለሆነም ለተቋሙ «አኳሪየም»፣ ውኃውን ለያዘው ክፍል «ገንዳ» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ የግሦቹ ነው። «ጠለቀ» በፈቃድ ለሚወርድም፣ ለምትገባ ጀምበርም ይነገራል፤ «ሰጠመ» ግን የአደጋ ቃል ነው። «ጠላቂው ሰጠመ» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሞት ዜና ስለሚሆን ሁለቱን ማቀያየር አይገባም። «አጠለቀ» ደግሞ መንከርንም መልበስንም ያመለክታል፤ «ጭምብሉን አጥልቁ» ሲባል «ልበሱ» ማለት ከሆነ፣ ውኃ ውስጥ ለማስገባት «ንከሩ» ማለት ይሻላል። የተለመደው «ጠላቂ ዋናተኛ» ትክክል ቢሆንም፣ የገንዳው ሠራተኛ ወለል ላይ ቆሞም ሊሠራ ስለሚችል «ጠላቂ» ብቻውን ይበቃዋል።

«ስኩባ» ራሱን የቻለ የውኃ ውስጥ መተንፈሻ መሣሪያ የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት ጥምር ነው። ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 የሠሩት መሣሪያ ጠላቂው ሲስብ ብቻ፣ በአካባቢው ግፊት መጠን አየር ይሰጠዋል። ከላይ በቱቦ አየር የሚላክላቸው የገንዳ ጠላቂዎችም ስላሉ፣ ለእነዚህ «ስኩባ» ማለት ስሕተት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው በጠላቂው ጀርባ ላይ ያለውን ዕቃ «የኦክሲጅን ሲሊንደር» ማለት ነው። ለሐኪም ቤት ትክክል የሆነው ይህ ስም እዚህ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በሲሊንደሩ ውስጥ ዘወትር ያለው የታመቀ አየር ሲሆን፣ ከዚህም ኦክሲጅኑ 21 በመቶ ያህል ነው። በባሕር ውኃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በ1 አትሞስፌር ስለሚጨምር፣ በ8.5 ሜትር ጥልቀት ጠቅላላው ግፊት 1.85 አትሞስፌር ያህል ይሆናል። ንጹሕ ኦክሲጅን በዚያ ግፊት ቢተነፈስ፣ ለጠላቂዎች ጣሪያ ሆኖ ከተወሰነው 1.6 አትሞስፌር ያልፋልና ድንገተኛ መንዘፍዘፍ ሊያስከትል ይችላል፤ ውኃ ውስጥ ይህ መስጠም ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃው «የአየር ሲሊንደር»፣ ይዘቱም «የታመቀ አየር» ይባል።

በዚሁ ጥልቀት ሳንባን የሞላ አየር ተይዞ ቢወጣ፣ ላይ ሲደርስ በመጠን ወደ 1.85 እጥፍ ስለሚሰፋ ሳንባ ሊቀደድ ይችላል። የጠላቂዎች ዋና ትእዛዝም ከዚህ የመነጨ ነው፤ አማርኛው «ትንፋሻችሁን ተቆጣጠሩ» ከሆነ አንባቢው አምቆ መያዝ ሊመስለው ይችላል። «ትንፋሻችሁን ከቶ አትያዙ» መባል አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተውና 10 ሚሊዮን ሊትር ውኃ የሚይዘው የዱባይ አኳሪየም ጎብኝዎችንም ወደ ገንዳው ያስገባል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙ ናቸውና፣ እንዲህ ያለ የጥንቃቄ ጽሑፍ እንዲተረጉም የሚጠየቅ ባለሙያ ከላይ የተመለከቱትን ልዩነቶች አስቀድሞ እንዲያጤን አደራ እንላለን።