የሰሊጥ ዘይት፣ የፓልም ዘይትና የደም ውስጥ ጆንያዎች

በመተማና በቋራ ቆላ ሰሊጡን ለገበያ አውጥቶ የወጥ ዘይቱን ከሱቅ ገዝቶ የሚገባ ገበሬ ብዙ ነው። የሚገዛውም አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር የመጣ የፓልም ዘይት ነው። ይኸው ዘይት ወደ ደባርቅ ቢወሰድ በብርዱ ይረጋል። መተማ ላይ ግን ሙቀቱ ፈሳሽ አድርጎ ስለሚያቆየው ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። የሚረጋበት ምክንያት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው የሚረጋ ስብ በመሆኑ ነው። በሰሊጥ ዘይት ውስጥ ግን ይህ ስብ ከመቶ 15 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱ ለልብ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ስለ ኮሌስትሮል ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ኮሌስትሮል በደም ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ ሰውነት ከስብና ከፕሮቲን በተሠሩ ጥቃቅን እሽጎች ያጓጉዘዋል። ከእነዚህ ዋናው ኤል ዲ ኤል ይባላል፤ ከ40,000 እስከ 50,000 የሚሆኑት ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። እንግዲህ 10 ኩንታል ሰሊጥ በባለ 100 ኪሎ ጆንያ ቢሞላ 10 ጆንያ፣ በባለ 50 ኪሎ ቢሞላ ግን 20 ጆንያ ይሆናል። ሚዛኑ ያው ነው። የተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራም የኮሌስትሮሉን ሚዛን እንጂ የጆንያውን ቁጥር አይነግረንም።

እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ ተመራማሪዎች እሽጎቻቸው ትንንሽና ጥቅጥቅ ያሉ ሰዎች ለድንገተኛ የልብ ሕመም ያላቸው ተጋላጭነት ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አስታወቁ። ትንንሾቹ በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ፤ ወደ ደም ሥር ግድግዳም በቀላሉ ይገባሉ። ከዚህ በመነሣት «ትልልቆቹ አይጎዱም» የሚሉ አሉ፤ እኛ ይህን አንቀበልም። ትልቁም እሽግ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ኮሌስትሮላቸው በዘር ከፍ ያለ ሰዎች እሽጎቻቸው ትልልቅ ቢሆኑም እንኳ ገና በጎልማሳነታቸው በልብ ሕመም ይያዛሉ። ከመጠኑ ይልቅ ቁጥሩ ይበልጣል።

ቁጥሩን ለማወቅ በእያንዳንዱ እሽግ ላይ አንድ ብቻ የሚገኘውን አፖ ቢ የተባለ ፕሮቲን መለካት ይቻላል። ይህ ምርመራ በሌለበት ቦታ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤች ዲ ኤል የሚባለውን መቀነስ ጥሩ ግምት ይሰጣል። በውጤቱ ወረቀት ላይ ትራይግሊሰራይድ ከ150 በላይ ከሆነ ደግሞ እሽጎቹ ወደ ትንንሾቹ ሳያደሉ አይቀሩም። ለዚህ ዋናዎቹ ምክንያቶች የስኳር በሽታ፣ የሰውነት ውፍረት፣ መጠጥ ማብዛትና በስኳር የጣፈጠ ሻይና ለስላሳ ናቸው። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት ቀዝቃዛ ለስላሳ ተው ማለት እንዴት እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ቢሆንም ውኃ ይሻላል።

የሚረጋ ስብ የኤል ዲ ኤልን እሽጎች ቁጥር ያበዛል። በፓልም ዘይት ወይም በቅቤ ፈንታ የሰሊጥ ዘይት ሲተካ ኤል ዲ ኤል ይቀንሳል። መተካት አልን እንጂ መጨመር አላልንም፤ ሰሊጥም ቢሆን ዘይት ነው፣ ያወፍራል።

ስለዚህ ከምርቱ ላይ ጥቂት ኩንታል ለቤት ማስቀረት የሚችል ገበሬ ቢያስጨምቀው መልካም ነው። ከፍሬው ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ መጭመቂያው ግን ሁሉን አያወጣውም። የተረፈው ከፋጉሎው ጋር ለከብቶቹ ይሆናል።