ወገብን ወደ ኋላ ማጠፍ ጥንቃቄ ይሻል

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ወላጆችንና መምህራንን ይጠቅማል ብዬ ስላሰብሁ ይህችን አጭር ጽሑፍ በአንባብያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቻችን በዛሬው ጊዜ የዮጋን እንቅስቃሴ ከስልክ እየተመለከቱ በዕረፍት ሰዓት በሣሩ ላይ ይለማመዳሉ። ከነዚህም አንዱ በሳንስክሪት ቋንቋ «ኡርድቫ ዳኑራሳና» የሚባለው ሲሆን፣ ትርጓሜው ወደ ላይ የተነሣ ደጋን ማለት ነው። ይኸውም በመዳፍና በእግር መሬትን ረግጦ ሆድንና ደረትን ወደ ሰማይ ማንሣት ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ይህን ስታደርግ አይቼ በጓደኞቿ ፊት «ጎበዝ! ጨምሪ!» አልኋት። ልጅቱም እኔን ለማስደሰት ስትል ወገቧን እያመማት ብዙ ሳምንት ዝም ብላ ቀጠለች። በኋላ ሐኪም ሲመረምራት በታችኛው የወገብ አጥንቷ ላይ ስንጥቅ ተገኘ፤ ለወራትም ከስፖርት ታገደች። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን፣ ሳላውቅ ያበረታታኋት የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ መርምሬ የተረዳሁትን እነሆ።

የአንገት 7፣ የደረት 12፣ የወገብ 5፣ በድምሩ 24 ተንቀሳቃሽ የአከርካሪ አጥንቶች አሉን። የደረቶቹ ከጎድን አጥንት ጋራ የተያያዙ ስለ ሆኑ ወደ ኋላ እምብዛም አይታጠፉም፤ የወገቦቹ ግን ይታጠፋሉ። ስለዚህ ትከሻውና ብሽሽቱ ያልተፍታታ ሰው ደጋን ልሥራ ሲል ጭነቱ በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት ላይ ይወድቃል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንት ይህ ሲደጋገምበት ሊሰነጠቅ ይችላል።

እንግዲህ አስቀድሞ ሰውነትን ማሟሟቅ፣ ቀጥሎም ትከሻን፣ ብሽሽትንና የጭንን ፊት ማፍታታት ይገባል። ከዚያ በሆድ ተኝቶ ደረትን ብቻ በዝግታ ማንሣት፤ በጀርባም ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ዳሌን ማንሣት። እነዚህ ለብዙ ሳምንት ያለ ሕመም ከተለመዱ በኋላ ብቻ፣ በሚያውቅ አስተማሪ ፊት ወደ ደጋኑ ይታለፋል። በዚያም ጊዜ ጉልበት ወደ ውጭ አይከፈት፤ አንገት በኃይል ወደ ኋላ አይጣል፤ ትንፋሽ አይታፈን። ትንፋሽ ካጠረ ልኩ አልፏል ማለት ነው። ሲወርዱም አገጭን ወደ ደረት አስጠግቶ በዝግታ ይሁን።

የጡንቻ መወጠርና የአጥንት ሕመም አንድ አይደሉም። ወገብን የሚወጋ ሕመም ወይም ወደ እግር የሚወርድ መደንዘዝ ሲሰማ ወዲያው ማቆምና ሐኪም ማየት ያሻል። የደም ግፊት ወይም የግላኮማ ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችም፣ ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ተማሪዬ ጊዜዋን ከፍላ ድናለች፤ ዛሬ ከእኩዮቿ ጋራ ትሮጣለች። እኔ ግን ያቺን «ጨምሪ» ያልኋትን ቃል አልረሳትም። ስለዚህ መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ልጅን «ጨምር» ከማለታችን በፊት «ያምሃል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር