ጉዳቱን ተዉት

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ባጅ ለግምት ሲመጣልኝ መጀመሪያ ገልብጬ ጀርባውን ነው የማየው። አስመሳይ ሙያውን የሚያፈሰው ፊቱ ላይ ነው፤ መርፌው፣ ማጠፊያውና መያዣው ግን ከኋላ ናቸው፣ ገመናም የሚወጣው ከዚያው ነው።

በዲሴምበር 1939 (እ.ኤ.አ.) የተደነገገውን የእግረኛ ጦር የጥቃት ባጅ እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት ቶምባክ ከሚባለው፣ መዳብ ከሚበዛበት ቅይጥ ነው። ጦርነቱ ሲረዝም መዳብ ለሌላ ተፈለገ፣ ባጁም ወደ ዚንክ ወረደ። ዚንክ ላይ የተለበጠ ብር ደግሞ ብዙ ጊዜ አይከርምም፤ ቀስ በቀስ ብረቱ ውስጥ ይሰምጥና ባጁ አመድማ ሆኖ ይቀራል። እና "ብሩ ለቋል" እየተባለ ዋጋው ሲጣጣል አልስማማም። እኔን ይበልጥ የሚያጠራጥረኝ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቀው ነው።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ የቁስለኛ ባጅ አመጣ። ይህ ባጅ አንዴ ወይም ሁለቴ ለቆሰለ ጥቁር፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ለቆሰለ ብርማ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ወርቃማ ነበር። የእሱ ጥቁሩ ነው፤ ከስስ ብረት ተመትቶ ቀለም የተቀባው። ሻጩ "ከመሬት የወጣ ነው" ብሎታል። በማጉያ መነጽር ስናየው ዝገቱ ብርቱካናማ፣ በጣት ሲነካ የሚቦን፣ ፊቱን ሁሉ እኩል ያለበሰ ነው። የዘመን ዝገት ጠቆር ይላል፤ ቀለሙ በተላጠበት ገብቶ ከሥር እየበላ ቀለሙን ያሳብጠዋል። እዚህ ግን ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ይህን ዝገት የሠራው አሲድ ነው። ደንበኛው ምንም ሳይል ባጁን ወደ ኪሱ ከተተው።

ከሐሰተኛው በላይ የሚያናድደኝ ግን ጥገና ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ የተሰበረ መርፌ ለመበየድ የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያውን ያበላሸዋል። መርፌ የሌለው ትክክለኛ ባጅ ዋጋው ይቀንሳል እንጂ ማስረጃነቱ አይጠፋም፤ የተበየደው ግን ሁለቱንም ያጣል። ስዋስቲካው በሞረድ የተፋቀበትንም ብዙ ሰብሳቢ ይንቀዋል። የምዕራብ ጀርመን የ1957 ሕግ የጦርነቱን ሽልማቶች ማድረግ የፈቀደው ያለዚያ ምልክት ነበር፤ ስለዚህ የፋቀው እጅ የባለቤቱ ሊሆን ይችላል። እኔ እንዲህ ያለውን ከተበየደው አስበልጣለሁ።

አንድ ነገር ላሳስብ። ከባጁ ጋር ሞላላ የወታደር መለያ ሰሌዳ ካገኛችሁ ከመሸጣችሁ በፊት እዩት። ወታደሩ ሲሞት ግማሹ ተሰብሮ ለምዝገባ ይወሰድ ነበር፤ ሌላው ከአስከሬኑ ጋር ይቀራል። ከመሬት ሙሉው ከወጣ፣ ያ ሰው ሞቱ ሳይመዘገብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጣችሁ ለጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት ላኩ፤ የወታደሮቹን መዝገብ ከ2019 ጀምሮ የያዘው እሱ ነው።