ኤሲው ድምፅ አመጣ ብላችሁ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት

ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «ኤሲዬ ድምፅ አመጣ፤ ጋዝ ላስሞላው?» ከዚሁ ከድሬዳዋ ይጠይቁኛል፤ ከሰመራም፣ ከጋምቤላም። ኤሲ መጠገን እንጀራዬ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ከምትሰሙት ድምፅ አብዛኛው ከጋዝ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሰው ግን ጋዝ ያስሞላል፣ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ድምፁም ሳይውል ሳያድር ይመለሳል።

ባለሙያ ስትጠሩ «ይጮሃል» ብቻ አትበሉ። ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብሎ ዝም ያለን ሰው ማን ያክመዋል? ሁለት ነገር ለዩ። አንደኛ፣ ድምፁ የሚመጣው ከየት ነው? ግድግዳችሁ ላይ ከተሰቀለው ከኢንዶሩ ነው ወይስ በረንዳ ላይ ካለው ከአውትዶሩ? ሁለተኛ፣ መቼ ነው? ሲነሳ ነው፣ እየሠራ ነው ወይስ ከጠፋ በኋላ? እነዚህን ሁለቱን በትክክል የነገረኝ ደንበኛ ገና የመሣሪያ ቦርሳዬን ሳልከፍት ግማሹን ሥራ ጨርሶልኛል።

የማያሳስቡትን በፍጥነት ልለፍ። ሲነሳና ሲጠፋ አንዴ «ጠቅ» ማለት ኮረንቲውን የሚያገናኘውና የሚቆርጠው የሪሌው ድምፅ ነው፤ ጤነኛ ነው። ከጠፋ በኋላ ለአንድ ሁለት ደቂቃ «ስስስ» የሚለው፣ በአንደኛው ቱቦ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ የነበረው የጋዝ ግፊት እኩል እየሆነ ነው። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ ስለሚኮማተርና ስለሚለጠጥ «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል፤ ሌሊት ፀጥ ሲል ደግሞ ጎልቶ ይሰማል። ኢንቨርተር ኤሲ ያላችሁ የአውትዶሩ ድምፅ አንዴ ቀጠን፣ አንዴ ወፈር ቢልባችሁ አትደንግጡ። ጋዙን የሚያመላልሰው ኮምፕሬሰር እንደ ክፍሉ ሙቀት ፍጥነቱን እየቀያየረ ስለሚሠራ ነው።

አንዲት እህት ከጅዳ በቮይስ የላከችልኝ ድምፅ ግን ለብቻው ይነገር። ከኢንዶሩ ውስጥ «ጉልግል፣ ጉልግል» ይላል፤ ሰው ውሃ ሲጎነጭ የሚሰማው ዓይነት። መቼ ነው ብላት «የወጥ ቤቱን አየር ማስወጫ ስከፍት» አለችኝ። መልሱ እዚያው አለ። በርና መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶ አየር ማስወጫው ሲሠራ የቤቱ አየር ይሳሳል፤ ከውጭ አየር መግባት የሚችለው በኤሲው ውሃ መውረጃ ቱቦ በኩል ብቻ ይሆናል። አየሩ ቱቦው ውስጥ ያለውን ውሃ እየሰነጠቀ ሲገባ ነው ጉልግል የሚለው። መስኮት ትንሽ ገርበብ ሲያደርጉት ድምፁ ከቆመ ኤሲው ምንም አልሆነም።

አሁን ወደ ከባዱ። አውትዶሩ «እምምም» እያለ ፋኑ ግን የማይዞር ከሆነ፣ ወዲያውኑ ከብሬከሩ አጥፉት። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም። ይህ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሞተሩን አስነስቶ የሚያሽከረክረው ካፓሲተር ሲደክም ነው። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ አንዲት እናት ቤት የገጠመኝ ይሄው ነበር። ኤሲው ሲከፈት ትንሽ ያቀዘቅዝና ያቆማል፤ ቆይቶ ደግሞ በራሱ ይነሳል። ከእኔ በፊት የመጣ ሠራተኛ «እማማ፣ ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፤ አዲስ ከመግዛት አይቀርም» ብሏቸው ሄዷል። አጥፍቼ ፋኑን በእጄ ሳሽከረክረው ያለምንም ችግር ዞረልኝ፤ ኩሽኔታው ደህና ነው ማለት ነው። ሽፋኑን ፈታሁ። የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ካፓሲተር፣ 2.5 ማይክሮፋራድ፣ ጎኗ አብጦ ተሰንጥቋል። ፋኑ ስለማይዞር ኮምፕሬሰሩ ሙቀቱን የሚወስድለት ንፋስ አጥቶ ይግላል፣ መከላከያው ይቆርጠዋል፣ ሲበርድ መልሶ ይነሳል። በልኩ ሌላ ካፓሲተር ተገጠመ፤ አለቀ። እማማ ከልጆቻቸው ገንዘብ ሊያሰባስቡ ነበር። ሰውን ለእንዲህ ያለ ወጪ መዳረግ ነውር ነው።

ራሳችሁ ግን አትክፈቱት። ካፓሲተር መብራት ከጠፋም በኋላ ኮረንቲ ይዞ ይቆያል። ፋኑን በእንጨት ገፍተው የሚያስነሱም አሉ፤ ይቅርባችሁ።

ይኸው እምምም የሚል ድምፅ በእኛ አገር ሌላም ምክንያት አለው፦ የመብራት ኃይል ማነስ። 220 ቮልት ሊሆን የሚገባው ማታ ሁሉም ቤት ኤሲ ሲከፍት ወርዶ ይገኛል። ኮምፕሬሰሩ ለመነሳት ይታገላል፣ ሳይነሳ ይቀራል፣ «ጠቅ» ብሎ ይቆርጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል። ሞተር ሳይነሳ ሲታገል የሚስበው ኮረንቲ ከሥራው ጊዜ አምስት ስድስት እጥፍ ይደርሳል፤ ኮምፕሬሰር የሚገድለው ይሄ ነው። ስለዚህ አምፖሉ ደብዘዝ ባለበት ሰዓት ኤሲ አትክፈቱ። መብራት ሄዶ ሲመጣም ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ቅድም የነገርኳችሁ የጋዝ ግፊት እኩል ሳይሆን ኮምፕሬሰሩ ከተነሳ ሸክሙ ይከብደዋል። አዳዲሶቹ ኤሲዎች ሦስት ደቂቃ ያህል በራሳቸው ይጠብቃሉ፤ አሮጌዎቹ ግን አይጠብቁም። አቅሙ ያላችሁ ለኤሲው የሚመጥን ስታብላይዘር ግዙ።

ወደ ጋዙ ልምጣ። ኤሲ ጋዝ አይበላም። መኪና ቤንዚን እንደሚጨርሰው የሚያልቅ ነገር የለም፤ ያው ጋዝ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየተመላለሰ ዕድሜ ልኩን ይሠራል። ከጎደለ የሚያሾልክበት ቦታ አለ ማለት ነው። እየሠራ የማያቋርጥ «ስስስ» ከሰማችሁ፣ የማቀዝቀዝ ኃይሉ ከቀነሰ፣ በቀጭኑ ቱቦ ላይም በረዶ ካያችሁ፣ ያኔ ጋዝ መጉደሉን ጠርጥሩ። የማያያዣ ቦታዎቹ ላይ ቅባት ካለ ደግሞ ጥርጣሬያችሁን ያጠናክራል፤ ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ነው የሚወጣው።

ታዲያ የሚያሾልከው ቦታ ሳይገኝ ጋዝ መሙላት ገንዘብን ወደ አየር መልቀቅ ነው። ጋዙ ራሱም ጣጣ አለው። በአሮጌ ኤሲዎች ውስጥ ያለው አር-22 የኦዞን ሽፋንን ይጎዳል፤ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እንዲወጣ እየተደረገ ያለውም ለዚህ ነው። በአዳዲሶቹ ውስጥ ያለው አር-32 ደግሞ እሳት ሊይዝ ይችላል፤ እንዲሁ በግምት የሚነካካ ነገር አይደለም። ትክክለኛ ባለሙያ ናይትሮጅን አስገብቶ ግፊቱ ሲወርድ ያያል፣ የሳሙና አረፋ ቀብቶ አረፋው የሚነፋበትን ይፈልጋል፣ ይበይዳል ወይም ያጠብቃል፣ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ያስወጣል፣ ከዚያ በሚዛን መዝኖ ይሞላል። የጋዙ ዓይነትና ክብደቱ አውትዶሩ ጎን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል፤ ሄዳችሁ እዩት። ምንም ላልጎደለው ኤሲ ጋዝ ሲጨመርለት ግፊቱ ያለቅጥ ከፍ ይላል፣ ፈሳሽ ጋዝ ወደ ኮምፕሬሰሩ ሊመለስ ይችላል፣ ያን ጊዜ ነው «ኳ ኳ» የሚል አዲስ ድምፅ የሚመጣው።

የድሬ አቧራ ስለሚያመጣው ድምፅ ደግሞ ልንገራችሁ፤ እኔ ከማያቸው ኤሲዎች መካከል ብዙዎቹን የሚያንገላታው እሱ ነው። ኢንዶሩ ውስጥ ረጅም፣ ጥቃቅን ክንፎች ያሉት ተሽከርካሪ ብሎወር አለ። ፊልተሩ ሳይታጠብ ሲቆይ አቧራው አልፎ ክንፎቹ ላይ ይጋገራል፣ በአንድ ወገን ይከብዳል፣ ሚዛኑ ይዛባል፤ ኤሲው መንቀጥቀጥና «ድው፣ ድው» ማለት ይጀምራል። አየር ስለሚያጥረውም አየሩን በሚያቀዘቅዘው ኮይል ላይ በረዶ ይሠራና ብሎወሩ በረዶውን እየፋቀ ይንሿሿል። ሰው ይህን በረዶ አይቶ «ጋዝ አንሶታል» ይላል! ከመክፈላችሁ በፊት ፊልተሩን አውጡ። በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ኤሲውን በፋን ብቻ አድርጋችሁ በረዶው እስኪቀልጥ ጠብቁ። በግንቦትና በሰኔ በየሁለት ሳምንቱ እጠቡት፤ እኔም ቤቴ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ከውጭ በኩል የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ፌስታል ወይም የወፍ ጎጆ ፋኑ ጋ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ብሎኑ ላልቷል፣ ወይም ከሥሩ ያለው ጎማ አልቋል፣ ወይም ሁለቱ የመዳብ ቱቦዎች እየተነካኩ ነው። መጨረሻ ላይ የጠቀስኩትን ቀላል ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ሲፋተጉ ከርመው ቱቦው ይበሳል። ሲጥ ሲጥ የሚል ኩሽኔታም እንዲሁ ከቆየ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል።

ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ብረት ከብረት የሚጋጭ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም ብሬከሩ ወይም ሶኬቱ ጋ «ዝዝዝ» ከሚል ድምፅ ጋር የሚቃጠል ሽታ ከመጣ፣ ምክንያቱን መፈለግ አያስፈልግም። አጥፉ። የላላ ሽቦ ብልጭታ ቤት ያቃጥላል።

ጥያቄ ያላችሁ ድምፁን በስልካችሁ ቅዱና ላኩልኝ፤ ከሥሩ ከውስጥ ነው ከውጭ፣ መቼ ይጀምራል፣ ፊልተሩ መቼ ታጠበ የሚለውን ጻፉ። ቤታችሁ የመጣው ባለሙያ ደግሞ የሚያሾልክበትን ቦታ ሳያሳያችሁ «ጋዝ ልሙላ» ካላችሁ፣ አመስግናችሁ ሸኙት።