ጨረቃንና ፕላኔቶችን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

የጨረቃን ዕድሜ መቍጠር ለቤተ ክርስቲያናችን ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። የባሕረ ሐሳብ መምህራን አበቅቴውንና መጥቅዑን አውጥተው የጾመ ነነዌን፥ የዐቢይ ጾምንና የትንሣኤን ዕለት ሲነግሩን፥ የቍጥራቸው መሠረት የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በ11 ቀን መብለጡ እንደ ሆነ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ይሁን እንጂ ጨረቃን ከምንቈጥራት መካከል አተኵረን የምንመለከታት ጥቂቶች ነን። በየወሩ በደጃችን ላይ ስታልፍ በፊቷ ያለውን ተራራና ጉድጓድ ለማየት የደከመ ቤተሰብ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው በቤታቸው ግቢ ውስጥ ቴሌስኮፕ አቁመው፥ ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ፥ ጨረቃንና ፕላኔቶችን ፎቶግራፍ ስለሚያነሡ ሰዎች ነው። እንደነዚህ ያሉትን ሰዎች ፈረንጆች አማተር ይሏቸዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ዓ.ም. ካላልን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስታውቅ። እዚህ የምንናገረው ቤተ ክርስቲያን ስለምትከለክለው ስለ ኮከብ ቈጠራ አይደለም። ኮከብ ቈጣሪ የሰውን ዕድል ከከዋክብት አነባለሁ ይላል፤ የፎቶግራፉ ሰው ግን የሚጠይቀው በዛሬው ሌሊት በዚያ ስፍራ ምን ይታያል ብሎ ብቻ ነው።

ሥራው የልጅ ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ በሐምሌ 12 ቀን 2001 ዓ.ም.፥ ማለት በጁላይ 19 ቀን 2009፥ በአውስትራልያ የሆነውን ያድምጥ። በእኛ አገር ገና ሳይመሽ በዚያ ሌሊት ነበረ። ሚስተር አንቶኒ ዌስሊ የተባሉ የኮምፒዩተር ባለሙያ፥ ከካንቤራ ከተማ በስተ ሰሜን በምትገኘው በመረምበትማን መንደር፥ መስተዋቱ 37 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ጁፒተርን ያነሡ ነበር። የሌሊቱ አየር ጥሩ አልነበረምና ሥራቸውን ሊያቆሙ አስበው ነበር፤ ነገር ግን ጥቂት ልቈይ ብለው ቀጠሉ። በዚህ ጊዜ በፕላኔቱ ደቡባዊ ዋልታ አጠገብ አንድ ጥቍር ነጥብ ብቅ ሲል አዩ። በመጀመሪያ ማዕበል መሰላቸው፤ ቀጥሎም ከጁፒተር ጨረቃዎች የአንዲቱ ጥላ ይሆናል ብለው አሰቡ። ይሁን እንጂ ነጥቡ ከፕላኔቱ ገጽ ጋር አብሮ የሚዞር ሆነ፤ ስፍራውና መጠኑም ከጥላ ጋር አልተስማማም። ከሁለት ሌሊት በፊት ያነሡትን ሥዕል አውጥተው ቢያስተያዩ በዚያው ስፍራ ምንም አልነበረም።

ወዲያውኑ ነገሩን ለሌሎች ተመልካቾችና ለሊቃውንት በኢሜይል አስታወቁ። የናሳ ሊቃውንት በሐዋይ፥ በማውና ኬያ ተራራ ላይ ያለውን ቴሌስኮፕ ወደ ጁፒተር አዙረው ቢመለከቱ እውነት ሆኖ ተገኘ። አንድ አካል ከሕዋ መጥቶ በጁፒተር ላይ ወድቆ ኖሯል፤ የተወውም ጠባሳ ፓሲፊክ ውቅያኖስን የሚያህል ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሥዕሉን አነሣው። ከዚያ በፊት፥ በ1994፥ ሹሜከርና ሌቪ በተባሉት ሰዎች ስም የተጠራው ጅራታም ኮከብ በጁፒተር ላይ ሲወድቅ፥ ሊቃውንቱ ከአንድ ዓመት አስቀድመው ዐውቀው ይጠብቁት ነበር። የ2009ኙን ግን የጠበቀው አልነበረም፤ ምልክቱን አስቀድሞ ያየው ከቤቱ ግቢ ሆኖ ሥዕል ሲያነሣ ያመሸው ሰው ነው።

ታላላቆቹ የሥነ ፈለክ ማዕከሎች ይህን እንዴት ሳያዩ ቀሩ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በእነዚያ ስፍራዎች የእያንዳንዱ ሌሊት ሰዓት እየተመጠነ ለብዙ ሊቃውንት የሚከፋፈል ስለ ሆነ፥ ጁፒተርን ሌት ተቀን የሚጠብቅ የለም። የአማተሩ ሌሊት ግን የራሱ ነው። በ2016 ጁፒተር ዘንድ የደረሰችው ጁኖ የተባለችው መንኰራኵር በካሜራዋ የምታነሣው ስፍራ ሲመረጥ እንኳ፥ በልዩ ልዩ አገር ያሉ አማተሮች የላኳቸው ሥዕሎች አገልግለዋል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ጨረቃ ብርሃኗ ብዙ፥ ስፋቷም በቂ ስለ ሆነ የምትታዘዝ ናት። ጆን ዊልያም ድሬፐር የተባሉት የኬሚስትሪ መምህር በ1840 በኒውዮርክ፥ በብር በተለበጠ ገበታ ላይ፥ የጨረቃን መልክ ለማስቀረት 20 ደቂቃ ያህል ፈጅቶባቸው ነበር፤ ዛሬ የሰከንድ አንድ መቶኛ ይበቃል። የፕላኔቶች ነገር ግን ሌላ ነው። ጁፒተር በጣም በቀረበ ጊዜ እንኳ 40 ጁፒተሮች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የአንዲቱን ጨረቃ ስፋት ያህላሉ። ይህን ትንሽ ክብ ብናጐላው፥ አብሮ የሚጐላ አንድ ጠላት አለ፤ እርሱም ከበላያችን ያለው አየር ነው። በበጋ ቀትር ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ አየሩ ሲርገበገብ፥ ከወዲያ ያለውም ዛፍ ሲወዛወዝ ያላየ የለም። በሌሊትም ሞቃቱ አየር ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ እንደዚሁ ያደርጋል። ፕላኔቱ በወራጅ ውሃ ሥር እንዳለ ጠጠር አንዴ ይጠራል፥ አንዴ ይደበዝዛል።

የቀድሞው ፊልም የፕላኔትን ብርሃን ለመቀበል አንድ ሰከንድና ከዚያም በላይ ይፈልግ ስለ ነበር፥ የጠራውንና የደበዘዘውን ቅጽበት በአንድ ላይ ይቀላቅለው ነበር። ከዚህ የተነሣ ብዙ ዘመን ታጋሽ ሰው በዓይኑ አይቶ በእርሳስ የሣለው ሥዕል ከፎቶግራፉ ይበልጥ ነበር። ወደ 2000 ዓመት ገደማ ግን አማተሮች በኮምፒዩተር ላይ ለመነጋገሪያ የሚደረገውን ርካሽ ካሜራ ከቴሌስኮፕ ጋር ማገጣጠም ጀመሩ፤ ነገሩም ሁሉ ተለወጠ።

ብልሃቱ እንዲህ ነው። አንድ ሥዕል በማንሣት ፈንታ ተንቀሳቃሽ ፊልም ያነሣሉ። በሰከንድ 100 ሥዕል ቢነሣ በሁለት ደቂቃ 12,000 ሥዕል ይሆናል። ከእነዚህ አብዛኞቹ የተበላሹ ናቸው፤ ኮምፒዩተሩ ግን አየሩ ለቅጽበት በረጋ ጊዜ የተነሡትን መርጦ ያወጣል፥ አንዱን በሌላው ላይም አስተካክሎ ይደራርባቸዋል። ጁፒተር በራሱ ዙሪያ አንድ ጊዜ የሚዞረው ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለ ሆነ፥ ፊልሙ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ የበለጠ እንደ ሆነ ገጹ ይንሸራተትና ሥዕሉ ይደበዝዛል። በማርስ ላይ መቻኰል አያስፈልግም፤ ቀኑ ከእኛ ቀን የሚረዝመው በ40 ደቂቃ ያህል ብቻ ነውና።

የመደራረቡን ጥቅም የብራና መጻሕፍትን የሚያስተያዩ ሊቃውንት በቶሎ ይረዱታል። አንዱ ጸሐፊ በአንድ ስፍራ ፊደል ይገድፋል፥ ሌላው በሌላ ስፍራ፤ ብዙዎቹ የተስማሙበት ንባብ ግን ይታመናል። እንደዚሁም በየሥዕሉ ላይ እንደ አሸዋ የተበተነው ነጠብጣብ በአንዱ ከወደቀበት በሌላው አይወድቅም፤ 100 ሥዕል ሲደራረብ ወደ አንድ ዐሥረኛ ይቀንሳል፥ የፕላኔቱ መልክ ግን ጸንቶ ይቀራል።

እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። የተደራረበው ሥዕል ግን እንደ ጉም የለዘበ ስለሚሆን፥ ጠርዙንና መስመሩን በኮምፒዩተር ማጕላት ያስፈልጋል፤ ፈተናውም ያለው እዚህ ነው። ማጕያው በልክ የተደረገ እንደ ሆነ በእርግጥ ያለውን ያወጣል፤ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ግን በማርስ ዳር የሌለ ቅስት፥ በሳተርን ቀለበት ውስጥም የሌለ መስመር ይሠራል። ሥዕሉ እያማረ ሲሄድ ደግሞ በቃ ለማለት እጅ ይከብዳል።

የሚታየውን ከሚመኙት ጋር መቀላቀል አዲስ ነገር አይደለም። በ1877 የኢጣልያው ሊቅ ስኪያፓሬሊ በማርስ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አየሁ ብለው ጻፉ። አሜሪካዊው ፐርሲቫል ሎዌል እነዚህ መስመሮች ጥበበኛ ፍጡሮች የቈፈሯቸው የውሃ ቦዮች ናቸው ብለው አምነው፥ በ1894 በአሪዞና የራሳቸውን የሥነ ፈለክ ማዕከል አቆሙ። በ1905 ረዳታቸው ላምፕላንድ ማርስን ፎቶግራፍ አነሡ፤ ሥዕሎቹ እጅግ ትናንሽ ስለ ነበሩ ሎዌል ቦዮቹ ይታያሉ ሲሉ፥ ሌሎች ያንኑ ሥዕል አይተው ምንም አላገኙም። በ1909 አንቶኒያዲ በፓሪስ አጠገብ፥ በሜዶን በሚገኘው 83 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ቢመለከቱ፥ መስመር የተባለው ተለያይተው የተበተኑ ጥቃቅን ነገሮች ሆኖ ታያቸው። በ1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኰራኵር በማርስ አጠገብ አልፋ የላከችው ሥዕል ጉድጓዶችን እንጂ ቦይ አላሳየም። ሎዌል ሐሰተኛ ሰው አልነበሩም፤ ነገሩን የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ አንዳንድ የእጅ ስልኮች ካሜራው የተደቀነበት ጨረቃ መሆኗን ሲያውቁ፥ በቀድሞ ሥዕሎች ተምረው የያዙትን ዝርዝር በራሳቸው ይጨምሩበታል። ባለ ስልኩ በደበዘዘ ሰማይ አንሥቶ እንደ ብርጭቆ የጠራች ጨረቃ ሲያገኝ ይደሰታል፤ ለወዳጆቹም ይልካል። እኛ እንዲህ ያለውን የዚያች ሌሊት ፎቶግራፍ ነው ለማለት ያስቸግረናል። በጨረቃ ላይ በዚያች ሌሊት አዲስ ነገር ሆኖ ቢሆን ኖሮ፥ ስልኩ በአሮጌው ይሸፍነው ነበርና።

ስለዚህ በዚህ ሥራ የተመሰገኑት ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። የመጀመሪያውን ፊልም አይደመስሱም፤ ቀኑን፥ ሰዓቱንና ስፍራውን ይጽፋሉ፤ በሥዕሉ ላይ ያደረጉትንም ይናገራሉ። ምንም ያልታየባቸውን ሥዕሎች እንኳ ያኖራሉ፤ ሚስተር ዌስሊ ጥቍሩ ነጥብ አዲስ መሆኑን ያወቁት ባዶ በሆነው በሁለት ሌሊት በፊቱ ሥዕል ነው። እኚሁ ሰው በጁን 3 ቀን 2010 በጁፒተር ላይ ሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ የቈየ ብልጭታ አነሡ። እንዲህ ያለውን ነገር የካሜራ ብልሽት ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሚስተር ክሪስቶፈር ጎ የተባሉ ሌላ አማተር በፊሊፒንስ አገር በዚያው ሰዓት ጁፒተርን እያነሡ ስለ ነበር፥ ፊልማቸውን ቢመረምሩ ብልጭታው በዚያው ስፍራ ተገኘ። በሁለት ምስክር ነገሩ ጸና። ሚስተር ጎ አስቀድሞም በ2006 በጁፒተር ላይ ነጭ የነበረ አንድ ታላቅ ማዕበል ወደ ቀይ መለወጡን ያስታወቁ ሰው ናቸው።

ሚስተር ጎ የሚኖሩባት ሴቡ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጁፒተርና ሳተርን በሰማይ መካከል ሲደርሱ፥ ለአዲስ አበባ ሰው ከአድማስ ከ55 ዲግሪ በታች ሆነው አያውቁም፤ ብዙ ጊዜም ከራስ በላይ ናቸው። በለንደን ያለ ሰው ግን በመጥፎው ዓመት በ16 ዲግሪ ላይ፥ በወፍራሙ አየር ውስጥ አሻግሮ ሊያያቸው ይገደዳል። ከዚህም ጋር የደጋችን ከፍታ አለ፤ በእንጦጦ ተራራ ላይ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች መቆማቸው ስለዚህ ነው። በክረምቱ ወራት ደመናው አያሠራም። መስቀል ካለፈ በኋላ ግን፥ ለማሕሌት በሌሊት የሚነሡ ሁሉ እንደሚያውቁት፥ ሰማዩ የጠራ ነው።

ለመጀመር የሚፈልግ ቤተሰብ ከጨረቃ ይጀምር። ሙሉ ጨረቃ የማትረባ ናት፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ የላትምና። የሚሻለው ከ7ኛው እስከ 10ኛው ሌሊት ያለው ነው፤ በዚያን ጊዜ ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት ድንበር ላይ የተራሮቹ ጥላ ረዝሞ ይታያል። በ9ኛው ሌሊት ገደማ ኮፐርኒከስ በተባለው 93 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ማየት ይቻላል። ለዚህ የእጅ ስልክን በቴሌስኮፑ የዓይን መስተዋት ላይ አስጠግቶ ማንሣት ይበቃል፤ ስልኩ የሚያሳምርበትን ነገር መዝጋት የሚቻል ከሆነ ግን ይዘጋ። መስተዋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ፥ አየሩ ሲረጋ፥ በጨረቃ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ጉድጓድ ለይቶ ያሳያል። ቴሌስኮፑን አንድ ሰዓት ያህል አስቀድመው ወደ ደጅ አውጥተው ያቀዝቅዙት። ቀን የጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለበትና የማድ ቤት ጢስ በሚያልፍበት አቅጣጫ አያዙሩት፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው አየር ብዙ ጊዜ ይሻላል። ደብተሩን ለልጆች መስጠት መልካም ነው፤ ሰዓቱን በትክክል የሚጽፉት እነርሱ ናቸው።

አንድ ነገር ግን በብርቱ እናስጠነቅቃለን። በቴሌስኮፕ ፀሐይን መመልከት፥ ለቅጽበትም ቢሆን፥ ዓይንን ያጠፋል፤ በፊቱ ላይ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ከሌለ በቀር ወደ ፀሐይ አይዙር። ሌሊቱን ሲሠሩበት አድረው በደጅ ትተውት እንደ ሆነ ሳይነጋ ክዳኑን ይክደኑበት፤ በቤት ውስጥ ሕፃናት ካሉም ከነእግሩ ወደ ውስጥ ያስገቡት።