የሚጥል ሕመም፡- ከምድጃው ዳር እስከ ጤና ጣቢያ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ ቀበሌዎች ብርዱ ብርቱ ነው። ቤተሰቡ የሚሰበሰበው በእሳት ዙሪያ ነው። ከደጃፍ ወጣ ሲሉ ደግሞ ገደልና ወንዝ ሩቅ አይደለም። እንዲህ ባለ አካባቢ የሚጥል ሕመም ያለበትን ሰው የሚጎዳው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን የሚወድቅበት ቦታ ጭምር ነው። በአገራችን ብዙ ታማሚዎች የቃጠሎ ጠባሳ ይዘው የሚኖሩትም ለዚሁ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው «አረፋው ይጋባል» የሚለው እምነት ነው። በዚህ ፍርሃት ሰዎች ታማሚውን ከእሳት ለማውጣት እንኳ ሲያመነቱ ይታያል። እውነቱ ግን የሚጥል ሕመም በአረፋም፣ በምራቅም፣ በትንፋሽም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ የሚግባቡት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ መልእክቶች ነው። ይህ ሥርዓት ድንገት ተዛብቶ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ሲነሣሡ ሰውየው ራሱን ሊስት፣ ሊንቀጠቀጥ ወይም ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዞ ሊቀር ይችላል። መንስኤው በወሊድ ጊዜ የደረሰ የመታፈን አደጋ፣ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት ጉዳት ወይም በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ሊሆን ይችላል። በብዙዎች ላይ ግን ምክንያቱ አይታወቅም።

በኢትዮጵያ በዚህ ሕመም ላይ ከተደረጉት ቀደምት ጥናቶች አንዱ ታዋቂው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ያካሄዱት ነው። ከ60 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ በተደረገው በዚህ ጥናት ከ1 ሺህ ሰዎች 5ቱ ያህል የሚጥል ሕመም እንዳለባቸው ታውቋል። ዘመናዊ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ግን ከ100 ታማሚዎች 2 እንኳ አይሞሉም ነበር።

በወደቀበት ጊዜ ምን እናድርግ?

* በቅድሚያ ታማሚውን ከእሳት፣ ከውኃና ከገደል ያርቁት፤ ስለታማ ነገሮችንም ከአጠገቡ ያንሡ።
* ጋቢ ወይም ነጠላ አጥፈው ከራሱ ሥር ያድርጉለት። በአንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ካለ ያላሉለት።
* መንቀጥቀጡን ለማስቆም ብለው አይጫኑት። በአፉ ማንኪያ፣ እንጨት ወይም ጣት አያስገቡ፤ ጥርሱ ሊሰበር ወይም ሊታነቅ ይችላል።
* ክብሪት ለኩሶ ማሽተት ምንም ጥቅም የለውም፤ ጭሱ ትንፋሹን ያውካል፣ እሳቱም ሊያቃጥለው ይችላል።
* መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ ያስተኙት። በሚገባ እስኪነቃ ውኃም ምግብም አይስጡት፤ ብቻውንም አይተዉት።

ብዙውን ጊዜ መንቀጥቀጡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ከተጎዳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰበት ከሆነ ወይም ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ሕክምናው ቅርብ ነው

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራሉ። በትክክል ተመርምረው መድኃኒት ቢያገኙ ከ100 እስከ 70ዎቹ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። በአገራችን የነርቭ ሐኪሞች ጥቂት ሲሆኑ አብዛኞቹም በአዲስ አበባ ይገኛሉ። ሆኖም ሕክምናውን ለመጀመር የግድ አዲስ አበባ መድረስ አያስፈልግም፤ ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችም ሊጀምሩት ይችላሉ። ከዚያ በላይ ለሆነ ችግር ታማሚው ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሊላክ ይችላል።

ወደ ሕክምና ሲሄዱ ታማሚው ሲወድቅ ያየ ሰው አብሮ ይሂድ። ባለሙያው ሕመሙን የሚለየው በዋናነት ከዓይን ምስክር በሚሰማው ነውና።

ለረጅም ጊዜ በስፋት ሲሰጥ የኖረው ፌኖባርቢታል ዋጋው ርካሽ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ይወሰዳል። ስለዚህ ጾም ለሚጾም ሰው አያስቸግርም። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት የታዘዘለት ግን ከባለሙያውና ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር። ለማርገዝ ያሰበች ሴትም ቀደም ብላ ባለሙያ ታማክር፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ፅንስን ሊጎዱ ይችላሉና።

ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። አደጋ ያለው መድኃኒቱን ድንገት በማቋረጥ ላይ ነው። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ፣ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ወደ ጸበል የሚሄድ ታማሚ መድኃኒቱን ይያዝ፤ ሲጠመቅም አጠገቡ ሰው ይኑር። ለዓመታት ሳይጥለው ቢቆይ እንኳ መድኃኒቱ የሚቀነሰው በባለሙያ ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው። እንቅልፍ ማጣትና አረቄም ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ። የንግሥ ሌሊትንና የድግስ ሰሞንን በጥንቃቄ ማሳለፍ ይገባል።

ወሬው ሕዝብ ባለበት ይነገር

የዓለም የአንጎል ቀን በየዓመቱ ሐምሌ 15፣ የዓለም የሚጥል ሕመም ቀን ደግሞ በፈረንጆቹ የካቲት ወር ሁለተኛ ሰኞ ይታሰባሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ጉባኤ ያጸደቀው ዕቅድ የሚጥል ሕመምን በተመለከተ እስከ 2031 ድረስ ሦስት ግቦች አሉት። ከታማሚዎች 90 በመቶው ሕመሙ የሚታከም መሆኑን እንዲያውቁ፣ 80 በመቶው መድኃኒት እንዲያገኙ፣ ከሚታከሙት ደግሞ 70 በመቶው መንቀጥቀጡ እንዲቆምላቸው ነው። ከሦስቱ ቀዳሚው ማወቅ መሆኑን ልብ ይሏል። ሕመሙ እንደሚታከም ያልሰማ ሰው መድኃኒት ፍለጋ አይሄድም።

ስለ አንጎል ጤና የሚሰጥ ትምህርት በከተማ አዳራሽ ብቻ ከቀረ መንዝ ድረስ አይዘልቅም። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በሰንበቴና በማኅበር፣ በዕድር ስብሰባ፣ በገበያ ቀን፣ በትምህርት ቤት የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብትናገር፣ ካህኑ ቢያጸኑላት፣ ታክሞ የዳነለት ሰው ደግሞ ቢመሰክር ሕዝቡ ይሰማል። በሕመሙ ምክንያት ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ፣ ከትዳር የተገለለች ወጣት፣ በጓዳ የተደበቀ ጎልማሳ በየቀበሌው ይኖራሉ።

እስከዚያው በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ ታማሚ ካለ ዛሬ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ምድጃውን በድንጋይ ወይም በጭቃ ከፍ አድርገው ይከልሉት። ታማሚው ብቻውን ውኃ እንዳይቀዳ፣ በገደል አፋፍ ከብት እንዳይጠብቅ ያድርጉ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደግሞ ይዘውት ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ይበሉ።